ትኩስ ልጣጭ

«ቆሻሻ ሰርቆ ነው እኮ የተያዘው!» አለች ከሾፌሩ ኋላ የተቀመጠችው ሴት፣ የምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ አቅፋ። «ወርቅ እንዳይመስላችሁ። የተጨመቀ የወይን ልጣጭ! አንድ ባልዲ ልጣጭ!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ መኪናው በደቡብ አፍሪካዋ ፓርል ከተማ የምሥራቁን ሠፈር ጠባብ ቤቶች ወደ ኋላ ትቶ ወደ ወንዙ ድልድይ እየወረደ ነበር። «ለአሳማው ይሆናላ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «አሳማ የለውም አሉ» አለች ሴትዮዋ። «እንግዲያው ራሱ ሊበላው ነዋ!» እንደገና ሳቅ። ሾፌሩ በመስታወቱ እያያቸው «ሁለት ሰው ይጎድለኛል፤ ሌባም ቢሆን ከፍሎ ይግባ» አለ። ሮዜል አፖሊስ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ነበር፤ አሥራ ስድስት ራንዷን ፊቷ ላለው ሰው አቀበለችና ዓይኗን ወደ ውጭ መለሰች። ሴትዮዋ ካወራችው አብዛኛው ስህተት ነው። ሽማግሌው የተያዙት ሐሙስ እንጂ ዓርብ አይደለም። ባልዲው ሙሉ አልነበረም፤ ከሦስት እጅ ሁለት እጁ ነበር። የተገኘውም ካፖርት ሥር ተደብቆ ሳይሆን፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት ሲንጠለጠል እንደኖረው በእጅ ተንጠልጥሎ ነው። ሮዜል ስህተት ሰምታ ዝም ማለት የማይሆንላት ሰው ናት፤ እንጀራዋም የሚገኘው ከዚያው ነው። ዛሬ ግን ሁሉንም አንድ በአንድ በልቧ አረመችና አፏን ሳትከፍት ድልድዩን ተሻገረች። ሽማግሌው የእናቷ ወንድም ኦም ፍሎሪስ ናቸው፤ «ኦም» በሠፈሩ አጎት ማለት ነው።

ከቤት ስትወጣ ኦም ፍሎሪስ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ጫማቸውን ቀለም ይቀቡ ነበር። ጉዳያቸው የሚታየው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ጫማው ግን ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እንደ መስታወት ያበራል፤ እሳቸውም መቦረሻቸውን አላቆሙም። ከምድጃው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ትልቁ የሊጥ ገንዳ በግራጫ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ባለቤታቸው አንቲ ሌኒ በትራስ ደግፈውታል፤ ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር «በሩን ዝጉ፣ ብርድ ይመታዋል» ይላሉ። ከፋሲካ በፊት፣ ወይኑ እየተለቀመ ባለበት ሰሞን፣ ከዚያ ገንዳ የሚወጣው ዳቦ መንደሩን ያዳርሳል። ለቤተ ክርስቲያኑ የመከር ምስጋና አራት ትሪ ይሄዳል፣ ግራና ቀኝ ላሉት ጎረቤቶች አንዳንድ ትሪ፣ አንዱ ትሪ ደግሞ በኦም ፍሎሪስ እጅ ለሚሠሩበት ፋብሪካ ቢሮ። ሞስቦለኪ ይሉታል፤ ትንንሽ ክብ ዳቦ ነው፣ ጎን ለጎን ተጣብቆ የሚጋገር፣ የእንስላል ዘር ያለበት። የሱቅ እርሾ አይነካውም። ከመጭመቂያው ገና የወጣ የወይን ልጣጭ ከዘቢብና ከሞቀ ውሃ ጋር ማሰሮ ውስጥ ይገባል፤ ሦስት ቀን ሲሞላው አረፋ ይደፍቃል፤ ሊጡ የሚቦካው በዚያ ነው። ልጣጩን መርጦ ማምጣት የኦም ፍሎሪስ ድርሻ ነው፤ አፍንጫቸው ካልወደደው ሳይዙ ይመለሳሉ። ዘንድሮ ባልዲው በፋብሪካው በር ላይ ተይዞ ቀርቷል። ሊጡ ግን ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ገፍቶ ኩፍ ብሏል። ከየት መጣ ብላ ሮዜል አልጠየቀችም፤ ማንም አልነገራትም።

ኦም ፍሎሪስ ጡረታ ሊወጡ አምስት ሳምንት ነው የቀራቸው። በጡረታቸው ቀን ፋብሪካው የሚሰጣቸው የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ ያ ክፍያ ደግሞ ገና ሳይመጣ ጣሪያ ሆኗል። የቤቱ የአስቤስቶስ ጣሪያ ተሰነጣጥቋል። ያለፈውን ክረምት በአልጋቸውና በቁም ሳጥኑ መካከል ሦስት ባልዲ ተደርድሮ ነው የከረመው፤ አንቲ ሌኒን ያን ጊዜ የያዛቸው፣ በደረታቸው የሚያፏጨው ሳል እስካሁን አለ። ሃያ ሁለት ቆርቆሮ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ራንድ። ኦም ፍሎሪስ ዋጋውን እያወቁት ሦስት ጊዜ ወደ ሱቁ ሄደዋል፤ ቆርቆሮውን በእጃቸው እየዳበሱ፣ ላም እንደሚገዛ ሰው ዞረው እያዩ። በስርቆት የተባረረ ሠራተኛ ግን ያ ክፍያ የለውም። ግንቦት ሲገባ ዝናቡ ማንንም አይጠብቅም።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሮዜል ሳሎኑ በር ላይ አቆመቻቸው። «ነገ ሲጠይቁዎት ከውጭው፣ ከሚጣለው ክምር ነው የወሰድኩት ይበሉ። ሌላ ምንም እንዳይጨምሩ።»

«የጠየቁኝን እመልሳለሁ» አሉ ኦም ፍሎሪስ።

«ከክምሩ ብቻ ይበሉ፣ ኦም ፍሎሪስ። እባክዎን።»

«ሰማሁ፣ ልጄ። ጆሮዬ ገና አልሄደም» አሉና ኮታቸውን አውልቀው በጥንቃቄ መስቀያው ላይ ሰቀሉት። እራት ላይ አንቲ ሌኒ ጨው አቀብሉኝ አሉ፤ ሮዜል አቀበለች። ሬዲዮው ስለ ሩጫ ውድድር ያወራል። እናቷ ስትሞት ሮዜል ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የሚያስፈልጋት ነገር ሁሉ፣ የኮሌጁ ክፍያ ሳይቀር፣ ከእኚህ ሰው ትከሻ ነው የወጣው። በዚህ ቤት ግን እንዲህ ያለ ነገር በአፍ አይወራም።

ፋብሪካው ከከተማው ደቡብ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የወይን ጠጅ ጠማቂዎቹ የጨመቁትን ልጣጭና ዘር በመኪና እየጫኑ እዚያ ይገለብጡታል። ድሮ ይሄ ሁሉ የሚጣል ነበር። ከቅጥሩ ውጭ ተራራ ይሠራል፤ አሳማ ያለው በጋሪ ይወስዳል፣ ጓሮ ያለው ለጓሮው፤ ምን ያዝክ የሚል አልነበረም። በኋላ ነው ጥቅሙ የታወቀው። ልጣጩና ዘሩ በአልኮልና በውሃ ይታጠባል፤ ምላስ የሚያኮማትረውና ወይኑን ቀይ የሚያደርገው ነገር ተነጥሎ ይወጣል፤ ሲደርቅ የረጋ ደም የመሰለ ዱቄት ይሆናል። በበርሜል ታሽጎ ባሕር ይሻገራል፤ ስለ ልባቸው የሚሰጉ ሰዎች በእንክብል ይውጡታል። ከዘሩ የሚጨመቀው ዘይት ደግሞ ፊት ይቀባል። የሮዜል ሥራ ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙና እየወሰደች፣ ያ ነገር ምን ያህል እንዳለው መለካት ነው። ልጣጩ ከመጭመቂያ ከወጣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላው መታጠብ እንዳለበት፣ ከዚያ ወዲያ አየሩና ሻጋታው እንደሚበሉት፣ አንድ ቀን ያደረ ግን ለሚታጠብበት አልኮል ዋጋ እንኳ እንደማይመጥን መጀመሪያ ጽፋ ያሳየችው እሷ ናት። በእሷ አንድ ገጽ ላይ ተመሥርቶ ደንብ ወጣ። ከስድስት ሰዓት በታች ያለው ትኩስ ልጣጭ የፋብሪካው ንብረት ነው። ሰዓቱ ያለፈበት ወደ ውጭው ክምር ይገፋል፤ ከዚያ ሠራተኛ ለዘበኛው ነግሮ የፈለገውን ያህል ቢወስድ አይከለከልም። ገጹን ስትጽፍ የኦም ፍሎሪስ ባልዲ በሐሳቧ አልመጣም። ስለ ሙቀትና ስለ አየር ነበር የምታስበው።

ባልዲው ጠረጴዛዋ ላይ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፎበት ጠበቃት። አጠገቡ ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ክሪል ቆሟል፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የኦም ፍሎሪስ የመጨረሻ ልጅ ከእሱ ትበልጣለች። «አጎትሽ መሆኑን አውቃለሁ» አለ። «ቁጥር ግን ዘመድ የለውም። ትኩስ ነው ወይስ የክምር፤ ይሄን ብቻ ንገሪኝ። ከሰባት ሰዓት በፊት ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን።»

«ሌላ ሰው ቢለካው አይሻልም?»

«ሌላ ማን አለኝ? ሌሎቹ የሚያውቁት አንቺ ያስተማርሻቸውን ነው።»

ክዳኑን ስትከፍተው የሆምጣጤ ሽታ ዓይኗን አስነባት፤ ትንንሽ ዝንቦች ተነሡ። ከላይ ነጭ ሻጋታ ለብሷል። አራት ቀን ሙሉ በዘበኛው የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ፣ ጥላ እንኳን ሠላሳ አምስት ዲግሪ በሚደርስበት ሰሞን ተቀምጦ ነበር። ከላይ፣ ከመሐልና ከሥር እኩል እኩል መዘነች፤ በአልኮል ዘፈዘፈች፤ አጠለለች። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ጠብታ ወስዳ መለኪያው ፈሳሽ ላይ ጣለች። ፈሳሹ ቢጫ ነው፤ ውስጡ ጥሩ ነገር ካገኘ ሰማያዊ ይሆናል፤ ብዙ ካገኘ እንደ ቀለም ብልቃጥ ይጠቁራል። ሰማያዊው እስኪረጋ ድረስ ሰዓቷን ይዛ ቆመች። ትኩስ ልጣጭ ቀለሙን በሚለካው መሣሪያ ከአርባ በላይ ያሳያል፤ የክምሩ ከአሥር አይበልጥም። መሣሪያው አሥራ ዘጠኝ አለ። ሁለተኛውም አሥራ ዘጠኝ። ሦስተኛው ሃያ።

ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ከክምር የተወሰደ ልጣጭ አሥራ ዘጠኝ አያሳይም። አሥራ ዘጠኝ የሚያሳየው ትኩስ ሆኖ ተይዞ፣ አራት ቀን በሙቀት የተቀቀለ ልጣጭ ነው። ይህን ከእሷ በቀር በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። ቅጹ ዘጠኝ መስመር አለው። አራተኛው መስመር ልጣጩ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት ይጠይቃል፤ ከተሞላ ልጣጩ ስንት ቀን እንደቆየ ያወጣል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ያንን መስመር ባዶ ትታ አታውቅም፤ ባዶ የተዉትን ሰዎች ወረቀት በቀይ ከብባ መልሳባቸዋለች። ዛሬ ሦስተኛውን ሞላችና አምስተኛው ላይ ዘለለች። መጨረሻ ላይ «ሽታው የኮመጠጠ፣ ላዩ የሻገተ፤ ለማጠቢያ ዋጋ የሌለው» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ደግማ አነበበችው። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነበር፤ አንድ የውሸት ቃል አላገኘችበትም።

ምሳ ሰዓት ላይ ፎርክሊፍት የሚነዳው ኤልሮይ ሳህኑን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። የሠራተኛው ተወካይ ሆኖ ከኦም ፍሎሪስ ጎን የሚቀመጠው እሱ ነው። «ምሳሽን ምን ያዝሽ፣ ሮዜል? ልጣጭ እንዳይሆን፣ ይፈትሹሻል!» አለና ራሱ ሳቀ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሽማግሌው ምን ይላሉ?» አላት።

«ከክምሩ ነው ይላሉ።»

«ያንቺስ ወረቀት?»

«የተበላሸ ነው ይላል።»

«በቃ፣ አለቀ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ብዬ ትንሽ አለቅሳለሁ፤ ለሻይ እንደርሳለን» አለና የተረፋትን ድንች ከሳህኗ አንሥቶ በላ።

ስብሰባው ማሠልጠኛ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ግድግዳው ላይ የእንክብሉ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ ፀጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት ባሕር ዳር እየሳቁ ይሮጣሉ። አየር ማቀዝቀዣው ያፈስሳል፤ ከሥሩ ፕላስቲክ ጣሳ አድርገውለታል፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ኦም ፍሎሪስ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ሚስተር ክሪልና የአስተዳደሯ ወይዘሮ ቫለንታይን ናቸው፤ ኤልሮይ ከጎናቸው፣ ሮዜል ከጠረጴዛው ጫፍ። ወይዘሮ ቫለንታይን ከወንዙ ማዶ ያደገች፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም ሴት ናት፤ ኦም ፍሎሪስን ቀና ብላ ማየት አልሆነላትም።

«ፍሎሪስ» አለ ሚስተር ክሪል፣ «ልጣጩን ከየት ነው የወሰድከው?»

ኦም ፍሎሪስ ሮዜልን አዩ። ባርኔጣቸውን በጣታቸው አዞሩ። «ከውጭ» አሉ።

«ከክምሩ?»

አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም። ኤልሮይ ትንፋሹን ለቀቀና ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ሚስተር ክሪል እንኳ ቀለል ያለው መሰለ፤ ሰዓቱን አየ። «ወረቀቱን ለመዝገብ ያህል አንብቢልን» አላት ወይዘሮ ቫለንታይንን። እሷም ቁጥሩን አነበበች፤ ቀጥላም፦ የኮመጠጠ፣ የሻገተ፣ ዋጋ የሌለው። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አላስቀመጠችውም። ፊቷ ትንሽ ተኮማተረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች፤ ክፋት አልነበረባትም። «በየዓመቱ የምንበላው ዳቦ… የሚቦካው በዚህ ነው?»

ኦም ፍሎሪስ ባርኔጣውን ማዞር አቆሙ። «በምኑ?»

«ማለቴ፣ በዚህ በሻገተው።»

«የትኛው ነው የሻገተው?» አሉና ወደ ሮዜል ዞሩ። «ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ፣ ኦም ፍሎሪስ» አለች ሮዜል። በዓይኗ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን ተነሥተው ቆመዋል።

«ወይዘሮ ቫለንታይን፣ እኔ የሻገተ ነገር ወደ ሌኒ ገንዳ አስገብቼ አላውቅም። ልጆችዎ የበሉት፣ ቄሱ የባረኩት ዳቦ ነው። ይሄ ልጣጭ ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከመጭመቂያ መጥቶ ገና እንደተገለበጠ በዚህ እጄ ያነሣሁት ነው። ይሞቅ ነበር። ጆሮዎን ቢያስጠጉለት እንደ ካፊያ ይንሾካሾክ ነበር።»

«ኦም ፍሎሪስ፣ ኧረ እስቲ ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ» አለ ኤልሮይ እጃቸውን ይዞ።

«ውሃህን አንተ ጠጣ!» እጃቸውን ነጠቁት። «ያሻገታችሁት እናንተ ናችሁ፤ አራት ቀን ቆርቆሮ ውስጥ ዘግታችሁበት። ካላመናችሁ ቤቴ ሂዱና እዩ። ባልዲውን ከማንሣቴ በፊት ሁለት ጭብጥ በምሳ ዕቃዬ አድርጌ ነበር። ሊጡ ዛሬ ጠዋት ብርድ ልብሱን ገፍቶ ተነሥቷል። የሞተ ልጣጭ ሊጥ ያነሣል? ያነሣል ወይ? ሮዜል፣ አንቺ ንገሪያቸው!»

ጣሳው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ኤልሮይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሚስተር ክሪል ወረቀቱን ከወይዘሮ ቫለንታይን እጅ ወሰደና ብዕሩን አራተኛው መስመር ላይ አሳረፈ። «ባዶ ነው» አለ፤ እንደ ተገረመ ሰው። ቀና ብሎ «ሮዜል፣ የሚለው እውነት ነው? ትኩስ ነበር?» አላት።

ሁሉም አዩዋት። ኦም ፍሎሪስም አዩዋት፤ ፊታቸው ላይ አድኚኝ የሚል ነገር አልነበረም። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እፍኝ ልጣጭ አፍንጫዋ ሥር አድርገው «የዛሬ ነው የትናንት?» ሲሏትና መልሷን ሲጠብቁ የነበረው ፊት ነው። ያኔ ተሳስታ አታውቅም ነበር። ሮዜል ትኩስ ነበር ብትል ጣሪያው በእሷ አፍ ይሄዳል። አልነበረም ብትል ደግሞ ሽማግሌውን በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ፊት ውሸታምና የሻገተ ዳቦ የሚያበሉ ሰው ታደርጋቸዋለች። በሁለቱ መካከል አንድ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ፈለገች፤ አገኘችውም።

«ከዚህ ናሙና ብቻ ተነሥቼ መናገር አልችልም» አለች።

ኦም ፍሎሪስ ጥቂት ጠበቁ፤ የሚቀጥል ነገር ያለ መስሏቸው። ከዚያ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አጠለቁ። ቤት ውስጥ ባርኔጣ ሲያደርጉ ሮዜል አይታቸው አታውቅም።

ውሳኔው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። የማንም ቁጥር አላስፈለገም፤ ሰውየው በአፋቸው ተናግረዋል። ለረጅም አገልግሎታቸው ሲባል ፖሊስ እንደማይጠራ ሚስተር ክሪል ነገራቸው፤ ድምፁ ውለታ እንደሚውል ሰው ድምፅ ነበር። ሮዜል ከላቦራቶሪው መስኮት ሆና ግቢውን ሲያቋርጡ አየቻቸው። በሩ ላይ ዘበኛው መታወቂያቸውን ከአንገታቸው ተቀበለ፤ አንድ ሰፈር ያደጉ ናቸው፤ ወደ መሬት ነበር የሚያየው። ኦም ፍሎሪስ ሳይጠየቁ የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው፣ ባዶ መሆኑን እንዲያይ አዘንብለው አሳዩትና ዘግተው ወጡ።

ሚስተር ክሪል ቅጹን ራሱ ይዞላት መጣ። ሊቀጣኝ ነው ብላ ተነሥታ ቆመች። «የጥራት መርማሪዎቹ በሚያዝያ ይመጣሉ» አለ። «ባዶ መስመር ሊያዩ አይገባም። ይሄ እዚሁ ይቅር፤ ለእኔም ላንቺም ይሻላል።» ብዕር አቀበላት። «ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት። እሱ ራሱ ነግሮናል።»

ጻፈችው። አሥራ አንድ ናሙና ይጠብቃት ነበር፤ ሁሉንም በየተራው ለካች፤ በአንዱም አልተሳሳተችም።

ሠፈር ስትደርስ ፀሐይ ወደ ዓለቱ ተራራ ዘንበል ብላለች። የዳቦው ሽታ መታጠፊያው ላይ ተቀበላት። ወጥ ቤት ውስጥ ጠረጴዛው አይታይም፤ ትሪዎቹ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ተደርድረዋል። አንቲ ሌኒ የዱቄት እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ አዩዋት፤ ሁሉን እንደ ሰሙ ከፊታቸው ያስታውቃል። አንዱን ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። ልስልስ ያለ ነው፣ ከውስጡ ገና እንፋሎት ይወጣል፤ ከእንስላሉ ኋላ፣ ምላስ ጫፍ ላይ ያ የታወቀ ስስ ኮምጣጣነት አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ በልታዋለች፤ እንደ ዘንድሮው የተነፋበትን ዓመት አላስታወሰችም። ከላያቸው ጣሪያው ተንኳኳ፤ ከኮርኒሱ አቧራ ወረደ።

«ከመጣ ጀምሮ እዚያ ነው» አሉ አንቲ ሌኒ፤ ሳላቸው አቋረጣቸውና እስኪያልፍ ጠበቁ። «እህል በአፉ አልዞረም።» ቀጥለው መጨረሻ ያለውን ትሪ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «ይሄ የቢሮው ነው። ነገ ስትሄጂ ትወስጂላቸዋለሽ።»

«አንቲ ሌኒ፣ ዘንድሮማ እንዴት ብዬ…»

«ተቆጥሮ ነው የተጋገረው። የእነሱን ማን ይብላው?»

ሮዜል ሁለት ዳቦ በትንሽ ሳህን አድርጋ ወደ ጓሮ ወጣች። መሰላሉ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ወገቧ ጣሪያው ጠርዝ እስኪደርስ ወጣችና ቆመች። ኦም ፍሎሪስ የእሑድ ልብሳቸውን ለውጠዋል፤ ደረቱ ላይ የፋብሪካው ስም ያለበት አሮጌ ቱታ ለብሰው በጉልበታቸው ተንበርክከዋል። ከጆንያ የተቀደደ ጨርቅ ስንጥቁ ላይ እያነጠፉ ሬንጅ ይቀቡበታል። አንዱን ስንጥቅ ደፍነው፣ ጣታቸውን አስከትለው የሚቀጥለውን ይፈልጋሉ። ብዙ ቀርቷቸዋል። አልዞሩም።

«ኦም ፍሎሪስ።»

ብሩሹ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«ዳቦው በጣም ተነፍቷል።»

ብሩሹ አልቆመም። ከሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ከተራራው ጀርባ፣ ከወቅቱ የቀደመ አንድ ግራጫ ደመና ብቅ ብሏል።

«ትኩስ ነበር» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ልጣጩ። ትኩስ ነበር፣ ኦም ፍሎሪስ።»

ያን ጊዜ ብሩሹን አስቀምጠው ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የደከመ ሰው ዓይን ነው።

«ለእኔ ነው እንዴ የምትነግሪኝ?» አሉ።

ጥቁር እጃቸውን ዘረጉ፤ ወደ ሳህኑ አልነበረም። «ያንን የሬንጅ ጣሳ አቀብይኝ።»

ሮዜል ሳህኑን ጣሪያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ጣሳውን አቀበለቻቸው።